ያልተሰመረባት

ባሌ ሲሪል ይባላል፤ ባቡር ያፈቅራል።
እኔ ማቪስ ነኝ፤ የመታጠቢያ ገንዳዬ ይጠቁራል።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ ማታ ሲመጣ፣
ቫልቭ ታቅፎ ይገባል፣ ጠቅልሎ በፎጣ፤
በሞቀ ውሃ ያሻል፣ በጥርስ ብሩሽ ያጥባል፤
የወጥ ቤቱ ቧንቧ ግን ዛሬም ያንጠባጥባል።
«ሲሪል፣ ቧንቧው» እላለሁ። «ነገ፣ ውዴ» ይላል።
የሲሪል ነገ ረጅም ነው፤ ሃዲድ ያህላል።

ከሥሩ ልንገራችሁ። በዘጠኝ ዓመቱ
ፕሬስተን ጣቢያ ቆመ፣ ደብተር በደረቱ።
እንፋሎት ሊሰናበት፣ ናፍጣ ሊነግሥ ሲል፣
ጓደኞቹ ሲያለቅሱ ለጭስና ለከሰል፣
እሱ አዲሶቹን ወደደ፦ አፍንጫ ረዣዥሞቹን፣
ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የለበሱ ወፍራሞቹን፤
ሲነሡ የሚያጓሩ፣ ሲቆሙ የሚያፏጩ፣
የሻይ ቤቱን ስኒ ሲያልፉ የሚያንገጫግጩ።

ሕግ አለው ነገሩ። ደብተር ላይ መዝግባት፤
በራሷ ጉልበት ስትሄድ ካየሃት፣ አስምርባት።
ቆማ ካገኘሃት ግን፣ ተጎትታ ብታልፍ እንኳ፣
መስመር የለም። ማጭበርበር ኃጢአት ነው ለካ!

ሁለት መቶ እኅትማማች ነበሩ። አንዷ ሸሸችው።
ክሩ ሲጠብቃት ካርላይል፣ ካርላይል ሲሄድ ክሩ አሉት።
አንድ ቀን የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሆኖ ሰማት፤
አፉ እንደ ዋሻ ተከፍቶ፣ ፉጨቷ በመስኮት ገብቶ ወጣ።
መስማት አይቆጠርም። ጥርሱንም አጣ፣ እሷንም አጣ።

ከዚያ ሠላሳ ዓመት፣ በሽመና ፋብሪካ፣
ሺህ መወርወሪያ ሲንኳኳ ጆሮው ቀስ እያለ ተነካ።
ዛሬ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ዕቃው ራሱ ያፏጫል፤
እኔ እሰማዋለሁ፤ እሱ ጋዜጣውን ይገልጣል።

እሷን ያገኟት ከቁራጭ ብረት ነጋዴ ግቢ ነው፤
በሹፌሩ ክፍል ዛፍ በቅሎባት፣ ቁመቱ እንደ ሰው።
ኢምቲያዝ ከሮችዴል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ አንባቢ፤
በያጇ ግዌን፤ ጡረተኛው ቄስ ኦብሪ፣ ሾርባ አቅራቢ፤
የኛው ሲሪል፤ የኔም የማልታ ሽርሽር ገንዘብ፤
አምስት ሆነን ገዛናት፣ ዝገቷን በኪሎ ሒሳብ።

«ምኗ ያምራል?» አልኩት አንዴ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ
«ፈጣን አይደለችም» አለ፤ «ግን ስትመጣ ከሩቅ ትናገራለች።»
ዝም አለ። ጨርቁን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋ።

መጋቢት ነው፣ ቅዳሜ፤ ካፊያ ይላል በሸለቆው፤
ኢምቲያዝ ቁልፉን ተጫነ፤ ትንፋሻችንን ዋጥነው።
አንድ ሳል። ሁለት ሳል። ጥቁር ጭስ፣ ሰማዩን ያጠቆረ።
ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ከዚያ ጀመረች ማፏጨት።
ግዌን የብየዳ መነጽሯን አወረደች፣ ዕንባዋን ሰው እንዳያይባት።
ሲሪል ግን እሷን አላየም፤ የኔን ፊት ነው ያየ።
«ታፏጫለች?» አለኝ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ ተለየ።

እኔ! አርባ ዓመት «ባቡር ባቡር ነው» ስል የኖርኩት ሴት!
መዳፉን ይዤ ጎኗ ላይ፣ እርጥቡ ብረት ላይ አኖርኩት፤
በጆሮው ጮኬ ነገርኩት፦ «ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል፣
ሌላ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሴት ለራሷ እንጉርጉሮ ስትል፤
ከሥሩም ከባድ ቁም ሣጥን ሲጎተት በጣውላ።»
ሳቀ። «እሷ ናት» አለ፤ «ከቶ አይደለችም ሌላ።»

ሄደች። ሃያ ሜትር፤ ቢበዛ ሃያ አምስት።
«አንቺ አስምሪ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ማስመሪያውን ሰጠኝ፤
ገጹ ረጥቦ መስመሩ ተጣመመ። ምንም አላለኝ።

ማታ ቤት ስንገባ ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል።
የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ሲሪል ከነጫማው ወንበር ላይ ተኝቷል፤
መዳፉ እንደ ተከፈተ ነው፣ ቅባቱ አልለቀቀውም።
ልቀሰቅሰው እጄን ዘረጋሁና
ነገ፣ አልኩ።